ኳሷን ስትስታት ትከሻህ ምን ይሆናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፒቸሮች ክርን ጽፌ ነበር፣ ከዛ በኋላ ከመጡት መልእክቶች ግማሾቹ «እኛስ? የሚወረውረው ብቻ ነው እንዴ የሚጎዳው?» የሚሉ ናቸው። እውነት አላችሁ። የቤዝቦል ትከሻ ሲባል ሁሌ የሚወራው ስለሚወረውረው ሰው ነው፣ ዱላ ይዞ የሚቆመውን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚ ዛሬ ገጹ በሙሉ የመቺዎች ነው። ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንጂ ሰርጅን አይደለሁም፣ ትከሻ ደግሞ በደብዳቤ አይመረመርም፤ የራሳችሁ ሐኪም ያላችሁ ነገር እኔ ከምለው ከተለየ እሱን ስሙ፣ ውስጡን አይቶ የሰፋው እሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰላም ነው ወንድማችን። 20 ዓመቴ ነው፣ የምመታውም የምወረውረውም በቀኝ ነው። ከሁለት ወር በፊት ወደ ውጪ የራቀች ኳስ በሙሉ ሃይሌ ስዊንግ አድርጌ (ዱላውን ወዝውዤ) ሳትኳት፣ ግራ ትከሻዬ ከኋላ በኩል የሆነ ነገር ሸርተት ብሎ የተመለሰ መሰለኝ። ከዛ ጀምሮ ስዊንጉን ስጨርስ ከኋላ ወደ ውስጥ ያመኛል፣ ስወረውር ግን ምንም የለም። ራጅ ተነሳሁ፣ ንጹህ ነው ተባልኩ። አሰልጣኛችን ጡንቻ ነው ያልፋል ይላል፣ እኔ ግን ፑሽአፕ ስሰራ ራሱ ያመኛል። ምን ይሆን?»

ወንድሜ፣ ሳታውቀው መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። የፊት ትከሻ (ለመምታት ስትቆም ወደ ፒቸሩ የሚዞረው ማለቴ ነው)፣ ከአንተ ወደ ውጪ የራቀች ኳስ፣ የሳተ ስዊንግ፣ ከኋላ ህመም፣ መወርወር ሰላም፣ ፑሽአፕ ችግር። እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው «የመቺ ትከሻ» የሚባለው ነው፣ የክንድ አጥንቱ ራስ ወደ ኋላ እየሸሸ የኋላውን ላብረም ሲቀድደው ማለት ነው። ጡንቻም ሊሆን ይችላል፣ አልክድም፣ ግን ሁለት ወር ሙሉ የቆየ ነገር «ያልፋል» ተብሎ የሚተው አይደለም።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ። የትከሻ መገጣጠሚያ ትልቅ ኳስ ትንሽ ሰሃን ላይ እንደተቀመጠ አስበው፣ ሰሃኑ በአንድ ጊዜ የሚነካው የኳሱን ሩብ ወይ ሲሶ ቢሆን ነው። ላብረም የሚባለው ደግሞ የሰሃኑን ጠርዝ ዙሪያውን ያቀፈ ጠንከር ያለ ላስቲክ መሳይ ቀለበት ነው፣ ሰሃኑን ጠለቅ የሚያደርገው እሱ ነው። አሁን ዱላህን ያዝና ቁም። ቀኝ መቺ ስለሆንክ ወደ ፒቸሩ የዞረው ግራ ትከሻህ ነው፣ ግራ ክንድህ ደረትህን አቋርጦ ወደ ቀኝ ተወጥሯል፣ ከዛ ወገብህ ይዞራል ደረትህ ይከተላል ክንድህ ደግሞ ዱላውን ይዞ ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል። በ1995 የወጣ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት የመቺዎች ትከሻ በሰከንድ ወደ 937 ዲግሪ እንደሚዞር ለክቷል፣ ማለት በዛ ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ በአንድ ሰከንድ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ይዞር ነበር። በዛች ቅጽበት የክንድ አጥንቱን ራስ ወደ ኋላ የሚጎትተው ሃይል እስከ 500 ኒውተን ይደርሳል ነው የሚባለው፣ በግምት 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ክንድህን ይዞ እንደተንጠለጠለ ቁጠረው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኳሷን ስትመታት የዱላው ጉልበት የተወሰነው ወደሷ ይሄዳል፣ ኳሷ ራሷ ለዱላው ፍሬን ትሆናለች። ስትስታት ግን ያንን ጉልበት የሚቀበልህ የለም፣ ፍሬኑ አንተው ነህ፣ ማለትም ከትከሻህ ኋላ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎችና ያቺ ቀለበት። ኳሷ ወደ ውጪ የራቀች ከሆነች ደግሞ ክንድህን ዘርግተህ ስለምትከተላት ነገሩ ይብሳል። ይሄን ስናገር ሁሌ ሰው ይገርመዋል፣ ሁሉም የሚያስበው የሚጎዳው ሲመታ ነው ብሎ ነው።

ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየርን ታውቀዋለህ፣ የሳን ዲዬጎ ፓድሬሱን። ኤፕሪል 5 ቀን 2021 ስዊንግ አድርጎ ስቶ ግራ ክንዱን እንደያዘ መሬት ላይ ወደቀ፣ እሱም እንዳንተ ቀኝ መቺ ነው፣ ግራው የፊት ትከሻው ነው። መሳት ግዴታ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ ኮርቢን ካሮል በዛው ዓመት ሜይ ላይ ገና ታችኛው ሊግ እያለ ሆምራን (ኳሷን ከአጥሩ ውጪ የሚያወጣ ምት) በመታበት ስዊንግ ነው ትከሻው የሄደው። ሆምራን መትቶ የዓመቱ ጨዋታ አለቀበት፣ እንደዚም አለ።

ወዳንተ ስመለስ፣ ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፣ ላብረም ራጅ ላይ አይታይም፣ ስለዚ «ንጹህ ነው» የተባልከው አጥንትህ ነው። የስፖርት ትከሻ የሚያይ ሐኪም ጋ ሂድ። ክንድህን ወደ ፊት አንስቶ ክርንህን ወደ ኋላ እየገፋ ደረትህን አቋርጦ ይወስደዋል፣ በዛ መሃል ሸርተት ወይ ቋ ካለና ካመመህ ብዙ ነገር ይነግረዋል። ከዛ ኤምአርአይ፣ የሚቻል ከሆነ መገጣጠሚያው ውስጥ ቀለም ተወግቶ የሚነሳው፣ ትንሽ ቅድ ያለ ቀለም ልትደበቅ ትችላለች። እስከዛው ስዊንግ፣ ፑሽአፕና ቤንች ፕሬስ አቁም። አሰልጣኝህን አትጣላው፣ ግን በሱ «ያልፋል» ሲዝኑን አትጨርስ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ17 ዓመት ልጄ የኋላ ላብረሙ ከተሰፋ ዛሬ 24 ቀኑ ነው። ስሊንግ (የክንድ ማንጠልጠያ) አለው፣ ከጎን ትራስ ያለው ትልቁን አይነት። ትናንት ማታ ክፍሉ ስገባ ስሊንጉን አውልቆ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ መስታወት ፊት ቀስ እያለ ስዊንግ ሲያደርግ ያዝኩት። እማ እኮ ምንም አያመኝም ይላል። ጮህኩበት፣ በኋላ ግን እውነት ካላመመው ምን ችግር አለው ብዬም አሰብኩ። ሌሊት እሱም አይተኛ እኔም አልተኛ። ስንት ወር ነው ይሄ ነገር? እህትህ።»

እህቴ፣ ጩኸትሽ ልክ ነበር። መጀመሪያ ግን ለሰርጅኑ ቢሮ ደውለሽ የሆነውን ንገሪያቸው፣ ቀስ ብሎ ያደረጋት ነገር ምንም ሳትጎዳው አልፋ ሊሆን ይችላል ግን መወሰን ያለባቸው እነሱ ናቸው። ልጁንም ደጋግመሽ እንዳትቆጪው፣ ከተቆጣሽው ቀጣይ ጊዜ በሩን ቆልፎ ነው የሚያደርገው።

አሁን «አያመኝም» ለምትለው። ልጅሽ ውስጥ የተደረገው ይሄ ነው፣ በአርትሮስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው የተላቀቀውን ቀለበት ወደ አጥንቱ ጠርዝ መልሰው፣ አጥንቱ ውስጥ ትንንሽ አንከር ተክለው በክር አስረውታል። በነዚህ ሳምንታት ላብረሙን የያዘው ክሩ ነው፣ ስጋው አይደለም። ስጋው አጥንቱ ላይ በቅጡ እስኪይዝ በግምት 12 ሳምንት ይፈልጋል። ህመም ግን 12 ሳምንት አይጠብቅም፣ ሶስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ብዙው ይሄዳል በተለይ በልጆች። ስለዚ ልጁ አልዋሸሽም፣ እውነትም አያመውም፣ ግን ህመም ስለ ክሩ ምንም አይናገርም። መጥረጊያም ትሁን ዱላ ደግሞ፣ ክንዱ ደረቱን አቋርጦ ወደ ውስጥ ሲዞር የሚወጠረው ልክ ያ የተሰፋው የኋላ ቦታ ነው። ከሁሉም እንቅስቃሴ መርጦ የተከለከለውን ነው ያደረገው ማለት ነው።

ስሊንጉ ለምን ትራስ እንዳለውም በዚሁ ይገባሻል። ተራው ስሊንግ እጁን ሆዱ ላይ ያስተኛዋል፣ ያ ማለት ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ የኋላው ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ተወጥሮ ያድራል። ትራሱ ክንዱን ከጎን ትንሽ አርቆ እጁን ወደ ፊት ለፊት ያደርገዋል። ብዙ ልጆች ስለሚያስጠላቸው ትራሱን ነቅለው ስሊንጉን ብቻ ያደርጋሉ፣ እሱን እይ። አብዛኛው ሰርጅን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስለብሰዋል፣ ማታም ጭምር።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ ጠፍጣፋ አልጋ ላይ አይመቸውም፣ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ግማሽ ተቀምጦ ይተኛ፣ ሪክላይነር ካላችሁ እሱ ነው የሚሻለው፣ ከሌለ ትራስ ደርድሪለት። ከክርኑ ስር አንድ ትራስ አድርጊ ክንዱ ወደ ሆዱ እንዳይንሸራተት። በተሰፋው ጎን መተኛት የለም። ሸሚዝ ሲለብስ የታመመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ሌላው ማንም የማያስበው ነገር፣ ከወንበር ሲነሳ በዛ እጅ ተደግፎ አይነሳ፣ በርም አይግፋበት። መግፋት የክንድ አጥንቱን ራስ ቀጥታ ወደ ኋላ ነው የሚልከው። ጣቶቹን፣ አንጓውንና ክርኑን ግን እንደታዘዘለት ያንቀሳቅስ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ይነካካ የለ እንዴ። ትኩሳት፣ ቁስሉ ላይ መቅላትና ፈሳሽ፣ የእግር ባት ማበጥ ወይ የትንፋሽ ማጠር ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛው ሰዓት ሐኪም ጋ ነው።

ስንት ወር ላልሽው በጥቅሉ ልንገርሽ፣ የሱ ሰርጅን ወረቀት ይቀድማል። እስከ ስድስተኛው ሳምንት መጠበቅ ነው። ከዛ እስከ ሶስተኛው ወር እንቅስቃሴውን ቀስ በቀስ ማስመለስ፣ ሳይጎትቱ። ከሶስተኛው ወር በኋላ ማጠንከር፣ መጀመሪያ የትከሻ አጥንት ማለትም ከጀርባ ያለችውን ሰፊዋን የሚይዙት ጡንቻዎች ከዛ የክንድ አጥንቱን ራስ ሰሃኑ ላይ የሚይዙት አራቱ የሮቴተር ካፍ ጡንቻዎች። ፑሽአፕና ቤንች ፕሬስ ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚመጡት፣ ልጁ ጂም የሚወድ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪው። በአራተኛው ወር አካባቢ ጥንካሬው ጥሩ ከሆነ ዱላ ይይዛል፣ እሱም ቀላል ዱላ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ አንድ ቀን ሰርቶ አንድ ቀን አርፎ። ከዛ ቲ በሚባለው ማስቀመጫ ዘንግ ላይ የተቀመጠች ኳስ፣ እሷም መሃልና ወደ ውስጥ የቀረበች፣ ከዛ ከቅርብ ቀስ ብላ የምትጣልለት፣ ከዛ ተራ ባቲንግ ፕራክቲስ፣ መጨረሻ ላይ እውነተኛ ፒቸር። ወደ ውጪ የራቀችው ኳስ በየደረጃው የመጨረሻዋ ናት። በማግስቱ ጠዋት ካመመው አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ድርድር የለም። እንግዲህ ሁሉም ሲደመር ከ5 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዱ ከዛም በላይ። በ2012 ይሄንኑ የመቺ ትከሻ የተመለከተ ትንሽ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ኦፕራሲዮን ከተደረጉት 12 ተጫዋቾች 11ዱ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው ተመልሰዋል፣ በአማካይ ወደ 6 ወር አካባቢ ፈጅቶባቸው። 12 ሰው ጥቂት ነው አውቃለሁ ግን ለእናት ጥሩ ዜና ነው።

ባይ ዘ ዌይ እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ። ስራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ እንደ ልጅሽ ያለ ልጅ አስረኛው ሳምንት ላይ ሙሉ እንቅስቃሴ አምጥቶ ሳየው ደስ ብሎኝ ቀድሜ ላስቲክ እየሳበ ደረቱን እንዲያቋርጥ አደረግኩት። በማግስቱ እጁን ሆዱ ላይ እንደያዘ መጣ። ምንም አልተቀደደም፣ ተመስገን፣ ግን ሶስት ሳምንት ወደ ኋላ ሄድን፣ እናቱም ያየችኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳውም።

«እኔና ጓደኛዬ ተጨቃጭቀናል። ኦሃታኒ ትከሻውን ኦፕራሲዮን ሆኖ ተመልሶ 55 ሆምራን መታ። ቤሊንጀር ደግሞ ኦፕራሲዮን ሆኖ ጠፋ። ጓደኛዬ ልዩነቱ ሰርጅኑ ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ልዩነቱ ሰውየው ነው እላለሁ፣ ኦሃታኒ ሰው አይደለም። ፍረድ።»

ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል። ኦሃታኒ ሰው አይደለም የሚለው ላይ ግን ብዙ አልከራከርህም።

ልዩነቱ ትከሻው ነው፣ የትኛው ትከሻ እና ወደ የት እንደወለቀ። የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ሾሄ ኦሃታኒ በ2024 ወርልድ ሲሪስ (የሊጉ ፍጻሜ) ሁለተኛ ጨዋታ ላይ ሁለተኛ ቤዝ ሊሰርቅ (ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ሊይዝ) ተንሸራትቶ ሲገባ ግራ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ነው ትከሻው ወልቆ የተመለሰው፣ ኖቬምበር 5 ላብረሙ ተሰፋ። የሚመታው በግራ ነው፣ ስለዚ ግራው የኋላ ትከሻው ነው፣ ወደ ፒቸሩ የዞረው አይደለም። ክንዱ ደረቱን አቋርጦ የሚወጠረው ቀኙ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰላም ነበር። የሚወረውረውም በቀኝ ነው። አወላለቁም ወደ ፊት ነው፣ ከላይ ስንፈራው እንደነበረው ወደ ኋላ አይደለም። አንድ ሰው ለመምታት የሚሻለውን ትከሻ መርጦ ይጎዳ ቢባል ኦሃታኒ የመረጠውን ነበር የሚመርጠው። በማርች 2025 ቶኪዮ ላይ ሲዝኑ ሲከፈት ቦታው ላይ ነበር፣ አራት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው፣ በመከላከል ሳይሆን በመምታት ብቻ።

ኮዲ ቤሊንጀር ደግሞ ነገሩ ራሱ ያሳዝናል። ኦክቶበር 2020 ላይ ዶጀርስን ወደ ወርልድ ሲሪስ የምታሻግር ሆምራን መትቶ ከጓደኛው ጋር ክንድ ለክንድ ሲጋጩ፣ ለደስታ ነው እንግዲህ፣ ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ግራ መቺ ነው፣ ስለዚ ቀኙ የፊት ትከሻው ነው። በኖቬምበር ተሰፋ። በ2019 በ47 ሆምራንና በ0.305 ኤምቪፒ (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች) የነበረ ሰው በ2021 0.165 መታ፣ ከአንድ ሺህ ሙከራ 165 ሂት (መትቶ ቤዝ መያዝ) እንደማለት ነው። ግን ተጠንቀቅ፣ በዛው ዓመት እግሩም ጎድኑም ተሰብሮ ነበር፣ ሁሉን ትከሻው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። «ጠፋ» ያልከውም ልክ አይደለም፣ በ2023 ለችካጎ ከብስ 0.307 እና 26 ሆምራን ይዞ መጥቷል።

የፊት ትከሻ ከሆነ አለቀለት እንዳትል ደግሞ አድሪያን ጎንዛሌዝ አለልህ። እሱም ግራ መቺ፣ እሱም ቀኝ ትከሻ፣ በኦክቶበር 2010 ላብረሙ ተሰፍቶ በ2011 ለቦስተን 0.338 ከ213 ሂት ጋር። ሆምራኑ ግን ከ31 ወደ 27 ወርዷል። ማት ኬምፕ ደግሞ በተቃራኒው፣ በ2012 ግድግዳ ተጋጭቶ ግራ ትከሻው ተሰፋ፣ ቀኝ መቺ ነው፣ በ2011 39 ሆምራን የመታው ሰው በ2013 በ73 ጨዋታ 6 ብቻ። እሱም ያን ዓመት ከትከሻው ሌላ ቁርጭምጭሚትና ጭኑ እያስቸገረው ነበር። ስለዚ ቀጣይ ጊዜ ስትጨቃጨቁ መጀመሪያ «በየትኛው እጁ ነው የሚመታው?» ብላችሁ ተጠያየቁ፣ ሰርጅኑ ከዛ በኋላ ይመጣል።

«44 ዓመቴ ነው፣ እሁድ እሁድ ከእኩዮቼ ጋር እጫወታለሁ። የፊት ትከሻዬ ስላመመኝ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ላብረምህ ተቀዷል ተባልኩ። ልሰፋው?»

አይቸኩሉ። ምንም የማያማቸው ከ45 እስከ 60 ዓመት ያሉ ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ከግማሽ በላዩ ላይ የላይኛው ላብረም መቀደድ ታይቷል። ማለትም በርስዎ እድሜ ወረቀቱ ላይ «ቅድ» የሚል ቃል ስላለ ህመሙ የመጣው ከሱ ነው ማለት አይደለም፣ እንደ ፊት መስመር የእድሜ ነገር ሊሆን ይችላል። ትከሻዎ ካልተንሸራተተ፣ ካልወለቀ፣ እጅዎ ካልደነዘዘና ካልደከመ መጀመሪያ ሶስት ወር የምር ፊዚዮቴራፒ ይስሩ፣ በሳምንት አንዴ መጥቶ መሄድ ሳይሆን ቤት ውስጥም የሚሰራውን። ለወጣቶቹም ቢሆን ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን የሚታሰበው እሱ ተሞክሮ ሳይሆን ሲቀር ነው። ያልሰራው ሰው «ፊዚዮ ሞክሬ ነበር» ሲል ግን እኔ አላምንም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

«ሲዝኑ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። የተቀደደ ላብረም ይዤ ብጨርስስ? ታቲስ ጨርሶ የለ እንዴ?»

ጨርሷል፣ ያውም በ2021 ትከሻው ደጋግሞ እየወለቀበት 42 ሆምራን መትቶ የናሽናል ሊግ አንደኛ ሆኗል። ግን አጠገቡ ቀንና ሌሊት ሐኪም ነበረው፣ ትከሻውን ላለማጋለጥም ከሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሶስተኛ ቤዝ መሃል ካለው ቦታ) አንስተው አውትፊልድ (ከኋላ ሰፊው ሜዳ) አስጫውተውታል፣ በመጨረሻም በሴፕቴምበር 2022 ተሰፋ። ያንተ ጥያቄ አንድ ነው፣ ትከሻህ ያምሃል ወይስ ይወልቃል? የሚያም ብቻ ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ ስዊንግህን ቀንሰህ መጨረስ ይቻል ይሆናል። በወለቀ ቁጥር ግን ከሰሃኑ ጠርዝ አጥንት እየፋቀ ሊሄድ ይችላል፣ አጥንቱ ካለቀ ደግሞ ላብረም መስፋት ብቻ አይበቃም፣ ትልቅ ኦፕራሲዮን ነው የሚሆነው። ሁለት ወር ለዛ አታወዳድር።

«በግራ እመታለሁ በቀኝ እወረውራለሁ። ቀኝ የኋላ ላብረሜ ተሰፍቷል። የቱ ነው የሚቀድመው?»

የከፋው ዕጣ ደርሶሃል፣ የፊት ትከሻህና የምትወረውርበት ትከሻ አንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዱላው ይቀድማል፣ መወርወር ከአጭር ርቀት ጀምሮ በየቀኑ እየተቆጠረ የሚወጣ የራሱ ረጅም መሰላል ስላለው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት እንዳትጀምር፣ ካመመህ የቱ እንዳሳመመህ አታውቅም። ቡድንህ የሚፈቅድ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ መምታት ብቻ፣ ሜዳ ሳትገባ።

«7 ወር ሆኖኛል፣ ሰርጅኑ ለቆኛል፣ ጥንካሬዬ ተለክቶ ከሌላው ትከሻ 95% ነው። ቲ ላይ ጥሩ ነኝ። ግን ኳስ ወደ ውጪ ስትርቅ ክንዴ መሃል ላይ ይቆማል፣ ራሱ ነው የሚቆመው። ባዶ ስዊንግማ ጭራሽ እፈራለሁ፣ ሰዎች ይስቁብኛል። ኳስ ሳይኖር ምን ያስፈራል ይሉኛል። የተጎዳሁት ስቼ ነው።»

የሚስቁብህ ሰዎች አልገባቸውም እንጂ አንተ ከሁሉም የተሻለ ገብቶሃል። በሙሉ ሃይል የተደረገ ባዶ ስዊንግ ማለት የሳተ ስዊንግ ማለት ነው፣ ለትከሻው ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ጉልበቱን የሚቀበል ኳስ የለም። ባዶ ስዊንግ በፊዚዮቴራፒ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው በግማሽ ፍጥነት ስለሆነ ብቻ ነው። እና አንተ ሁሉንም ነገር ተለማምደሃል፣ የተጎዳህበትን ነገር ግን አንድም ቀን አልተለማመድክም። ክንድህ ቢቆም አይገርምም።

ስለዚ መሳትን እንደ አንድ ልምምድ እንስራው። ሁለት ሳምንት በፍሬን ጀምር፣ ላስቲኩን ክንድህን ወደ ውጪ እያዞርክ በፍጥነት ሳበውና ሲመለስ ሶስት ሰከንድ እየቆጠርክ ቀስ አድርገህ ልቀቀው፣ ከትከሻ ኋላ ያሉትን ጡንቻዎች የሚያሰራው መልቀቁ ነው። ከዛ ባዶ ስዊንግ በቀላል ዱላ፣ በግማሽ ሃይል አስር፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ በ60%፣ እንደዛ እያልክ፣ ቀን እየዘለልክ፣ ጠዋት ስትነሳ ትከሻህን እየጠየቅክ። ኮርቢን ካሮል እኮ ከዛ ሁሉ በኋላ በ2023 25 ሆምራንና 54 የተሰረቀ ቤዝ ይዞ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሏል፣ የዛን ዓመት ደጋግሞ ስዊንግ አድርጎ ስቷል፣ ማንም መቺ ሳይስት አይውልም። መቺ አጠገቡ የሚቆምበት ሆም ፕሌት ስፋቱ 43 ሳንቲም ነው፣ ከዛ በጣም የራቀችውን ደግሞ ጭራሽ ባትከተላትስ፣ ያ የድሮ አመልህ ይመስለኛል። ለማንኛውም በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጓደኛህ ከቅርብ ሆኖ ወደ ውጪ እየራቀች የምትሄድ ኳስ ቀስ ብሎ ይጣልልህ፣ አንተ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሆን ብለህ ሳታቸው።